አንድም መኪና አያልፋችሁም ተብሎ ስለተገባልን ቃል የቀረበ ቅሬታ

ደብረ ብርሃን
የካቲት 6 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ ከጥር 4 እስከ ጥር 7 ሊደረግ የነበረውን የብስክሌት ጉዞ ይመለከታል

ጤና ይስጥልኝ።

ስለ ምዝገባውና ስለ ክፍያው አልዘረዝርም። መዝገባችሁ ላይ አለ። ከዘጠኙ ተጓዦች መካከል የ13 ዓመት ልጇን ይዛ የመጣችው እናት ነኝ።

ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ ትናንት ከሰዓት በኋላ በስልኬ የደረሰኝ መልእክታችሁ ነው። "ለፋሲካ ጉዟችን የ10 በመቶ ቅናሽ አድርገንልዎታል" ይላል። ሦስት ጊዜ ቢሮ ተመላልሻለሁ። ስንት ጊዜ እንደ ደወልኩ ቁጥሩን አላውቀውም። "ነገ ይደውሉ"፣ "ኃላፊው የሉም"፣ "ለስብሰባ ወጥተዋል" ስባል ከረምኩ። በመጨረሻ የመጣልኝ መልስ ቅናሽ ሆነ። እኔ ቅናሽ አልጠየቅሁም። ሁለተኛ እንድጓዝ ከመጋበዜ በፊት የመጀመሪያው ጉዞ ምን እንደ ሆነ የሚነግረኝ ሰው ነው የፈለግሁት።

የማስታወቂያ ወረቀታችሁ አሁን ፊቴ ተዘርግቷል። እንዲህ ይላል። "የመጀመሪያ ቀን ከደብረ ብርሃን አንኮበር በአሮጌው የበቅሎ መንገድ። ሁለተኛ ቀን ቁልቁል ወደ አልዩ አምባና ወደ አይራራ ወንዝ ሸለቆ። ሦስተኛ ቀን በመኪና ወደ ወሎ። አራተኛ ቀን በአርዲቦና በሐይቅ መካከል፣ ተራራውን እያያችሁ፣ በውኃው ዳር። ዕቃችሁን አህያ ይጭናል። ብስክሌት ላይ እስካላችሁ ድረስ አንድም መኪና አያልፋችሁም።" የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እናንተው በወፍራም ጽሑፍ አድርጋችኋታል። እኔ ብሬን የከፈልኩት ለዚያች ዓረፍተ ነገር ነው።

ከሥሯ ደግሞ "የሸዋው ዳኑብ" ብላችሁ ጽፋችኋል። ወንድሜ ሊንዝ ከተማ ነው የሚኖረው፣ ኦስትሪያ። የዳኑብን መንገድ አውቀዋለሁ ማለት ባልችልም በቪዲዮ ደጋግሞ አሳይቶኛል። ከጀርመን ፓሳው እስከ ቪየና ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አብዛኛው ወንዙን ተከትሎ ይሄዳል። ድሮ ፈረሶች ጀልባ እየጎተቱ ሽቅብ የሚወጡበት የወንዝ ዳር መንገድ ነበር። ጀልባው ሞተር ሲያወጣ ፈረሱ ቀረ፣ መንገዱ ግን ለእግረኛና ለብስክሌት ተረፈ። ሕፃናትም ሽማግሌዎችም ሲነዱበት አይቻለሁ።

ያን ስታነሱ ልቤን ነካችሁት። ምክንያቱም እኛም አለን። እኔ የተወለድኩት አንኮበር ነው። በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ ወደብ የሚነሳው የሲራራ ነጋዴ በረሃውን አቋርጦ አልዩ አምባ ይደርስ ነበር። ከዚያ ሽቅብ ወደ አንኮበር። አያቴ በዚያው አቀበት አህያ እየነዳች ገበያ ስትወርድና ስትወጣ ኖራለች። ልጅ ሆኜ ተከትያታለሁ። ድንጋያማ ነው፣ አንዳንድ ቦታ ብስክሌቱን መግፋት ግድ ነው። ይሁን። ጥዱ ይሸታል። ጉሙ ሲገለጥ ከአፋፉ ላይ ሆኖ የአፋር ቆላ ይታያል። መኪና የለም። ልጄ ደብረ ብርሃን ተወልዳ ያደገች ናት፣ ይህን መንገድ በእግሯም በጎማም ረግጣው አታውቅም። ኅዳር 30 አዲስ አበባ ላይ መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ሕዝቡ በእግርና በብስክሌት ሲወጣ በቴሌቪዥን አይታ "እማ፣ እኛስ?" አለችኝ። በወሩ የእናንተን ወረቀት አገኘሁ። ከትምህርት ቤት የሁለት ቀን ፈቃድ ጠይቄ አመጣኋት።

አሁን ወደ ቅዳሜ ጠዋት ልምጣ።

ሁለት ሰዓት ተብለን አራት ሰዓት ነው የተነሳነው። በጥር የደብረ ብርሃን ብርድ ውጭ ቆሞ ሁለት ሰዓት መጠበቅ ምን እንደሆነ እናንተም የከተማው ሰዎች ናችሁና ታውቁታላችሁ። ውርጩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ነበር። አስጎብኚያችሁ መጣና እንዲህ አለ፦ "አህያዎቹ አልተገኙም። ዕቃውን ሚኒባሱ ይይዘዋል። ሚኒባስ በበቅሎ መንገድ ስለማይሄድ በደሴ መንገድ እንሄዳለን።"

ይህን ንግግር እባካችሁ ደግማችሁ አንብቡት። መኪና የሌለበት መንገድ የቀረው ለእናንተ መኪና ሲባል ነው።

ማለዳ ማለዳ አህያውን ጭኖ ወደ ከተማችን የሚገባውን ገበሬ ለሚያውቅ ሰው "አህያ አልተገኘም" ምክንያት አይሆንም። ከዋዜማው ተነጋግሮ መከራየት ይቻል ነበር። የአህያ ኪራይ ማትረፍ ፈልጋችሁ ከሆነ እውነቱን ንገሩን። እኔ በግሌ ጨምሬ እከፍል ነበር።

"ታዲያ የደሴ መንገድ መኪና አይበዛበትም ወይ?" ብዬ ጠየቅሁ። "ቅዳሜ ነው፣ ጭር ይላል" አለኝ። አመንኩት። በዚህ እስካሁን ራሴን እወቅሳለሁ።

አገሩን የሚያውቅ ሁሉ ያንን መንገድ ያውቀዋል። የደሴ፣ የወልድያና የመቀሌ ጭነት በዚያ ያልፋል። ሲኖው፣ ተሳቢው፣ የነዳጅ ቦቴው፣ አገር አቋራጭ አውቶቡሱ። ትከሻው ጠባብ ነው። አንድ ሲኖ ባለፈ ቁጥር ነፋሱ ብስክሌቱን ወደ ቦዩ ይገፋዋል፣ ሲርቅ ደግሞ ወደ መሃል ይስበዋል። ልጄ አሥር ኪሎ ሜትር ሳትሞላ ማውራት አቆመች። ከዚያ ሚኒባሱ ላይ ጫናችሁንና ጣርማ በር አካባቢ አወረዳችሁን። "ከዚህ ወዲያ ቁልቁል ነው፣ ደስ ይላል" ተባልን።

እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ።

የጣርማ በር ዋሻ ጣሊያን በወረራው ጊዜ ያስቆፈረው ነው። ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ጉም አይለየውም። የዚያን ቀንም ጉም ነበር። ብስክሌቶቹ መብራት የላቸውም። አስጎብኚያችሁ ወጣቶቹን አስከትሎ ቀድሞ ገባ። ሚኒባሱ "ምሳ ላዘጋጅ" ብሎ ወደ ደብረ ሲና ወርዷል። አያችሁ? መንገዳችን የተቀየረለት መኪና እንኳን ከኋላችን አልነበረም።

ገባን። ወዲያው ጨለመብን። ግድግዳው ውኃ ያንጠባጥባል። ልጄ ከፊቴ ነበረች፣ የማያት በነጭ ሹራቧ ብቻ ነው። መሃል ላይ ስንደርስ ከኋላችን ተሳቢ ገባ። ዋሻ ውስጥ የተሳቢ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። ከላይም ከታችም ነው። ክላክስ ሲያደርግ ልጄ ደንግጣ ብስክሌቱን ለቀቀችው። መንገዱ ላይ ወደቀ። እሷ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። እኔም የራሴን ጥዬ ሮጬ ሸፈንኳት። "ማርያም ማርያም" እያልኩ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ሾፌሩ ቆመ። እግዚአብሔር ይስጠው። መብራቱን ዝቅ አደረገና ረዳቱን አወረደው። ረዳቱ ብስክሌቶቹን አነሳልን። ከዚያ ፍሬቻውን አብርቶ፣ ከኋላ የሚመጡትን መኪኖች አስቁሞ፣ በእግራችን ልክ እየነዳ እስከ መውጫው ሸኘን። ስንወጣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ "እናቴ፣ ልጅ ይዘው እዚህ ምን ያደርጋሉ?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። አንድ ሳንቲም ያልከፈልኩት ሰው የእናንተን ሥራ ሠራልኝ።

አስጎብኚያችሁን ደብረ ሲና ስንደርስ አገኘነው። ቆሎ ይበላ ነበር።

የቀረውን ባጭሩ እላለሁ። ሸዋ ሮቢት አደርን። በማግስቱ በዚያው አስፋልት ትንሽ ከነዳን በኋላ ልጄ ሚኒባሱ ውስጥ ገብታ አልወርድም አለች። በሦስተኛው ቀን ናፍጣ ጠፋ ተብሎ ወደ ቤታችን ተመለስን። አንኮበር የለም፣ አልዩ አምባ የለም፣ አይራራ የለም። ሐይቁንም ያየነው ወረቀታችሁ ላይ ብቻ ነው። ለልጄ የተሰጣት ብስክሌት የአዋቂ ነበር፣ እግሯ መሬት አይደርስም። የሄልሜቷ ማሰሪያ ተበጥሶ በስልክ ገመድ ተቋጥሯል። የፊት ፍሬኑ እንደሚላላ ጠዋት ተናግሬ "መንገድ ላይ ይጠብቃል" ተብያለሁ። ትኩስ ምሳ ያላችሁት ዳቦ በማርማላታ ነበር። ደረሰኝ እስካሁን አልተሰጠኝም። እነዚህን ሁሉ በሆዴ ይዤ ዝም ልል ነበር። ልጄ ከዋሻው ከወጣች በኋላ ብስክሌት ባየች ቁጥር ፊቷን ታዞራለች። ይህን ግን ዝም አልልም።

ጥር 23 ሐሙስ ቢሮአችሁ መጣሁ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ወጣት ከስልኩ ቀና ሳይል "አንቺ ያቺ የዋሻዋ ሴትዮ ነሽ?" አለኝ። ሃያ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ። እኔ እርስዎ እያልኩት እሱ አንቺ ይለኛል። ዋጥ አድርጌ ወረቀቱን ዘረጋሁለትና በወፍራም የተጻፈችውን ዓረፍተ ነገር አሳየሁት።

"መኪና አልባ ስንል መኪና ይቀንሳል ማለታችን ነው" አለ።

"አንድም ይላል" አልኩት።

"መንገድ የመንግሥት ነው። እኛ መኪና እናቁም?"

"መኪና አቁሙ አላልኩም። መኪና ወደሌለበት ውሰዱን ነው ያልኩት። መንገዱም አለ፣ እናንተው ጽፋችሁታል።"

ያን ጊዜ ቀና አለና "ልጅሽን ቤት ብታስቀምጫት ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። ማን ይዘሽ ነይ አለሽ?" አለኝ።

እናንተ ናችሁ ያላችሁኝ። ወረቀታችሁ በግራ በኩል ከታች "ከ12 ዓመት በላይ ለሆኑ ልጆች ተስማሚ" ይላል። ጣቴን እዚያ ላይ አድርጌ ብጠብቀው ስልክ ተደወለለትና ተነስቶ ወጣ። ግማሽ ሰዓት ቁጭ አልኩ። ተመልሶ አልመጣም። እስከ ዛሬም ያ ቃል ጆሮዬ ላይ አለ። የልጄ መደንገጥ የእኔ ጥፋት ሆኖ ተነገረኝ።

በመጀመሪያ የጠየቅሁት ከገንዘቡ ግማሹን ብቻ ነበር። ሁለት ቀን አብልታችሁናል፣ አሳድራችሁናል ብዬ ነው። አሁን ግን ለሁለታችን የከፈልኩት 8,400 ብር ሙሉው እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ፣ ከነደረሰኙ። ያ ወጣት ይቅርታ እንዲጠይቀኝ እፈልጋለሁ። ከእሱ ይልቅ ደግሞ እርስዎ ራስዎ ለልጄ ደውለው ጥፋቱ የእሷም የእናቷም እንዳልሆነ ይንገሯት። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

የፋሲካውን ጉዞ በተመለከተ፣ ወረቀቱ ዛሬም ከተማ ውስጥ ተለጥፎ አይቼዋለሁ። ያችው ዓረፍተ ነገር እንዳለች ናት። ወይ አህያውን ተከራይታችሁ በበቅሎው መንገድ ውሰዷቸው፣ ወይ ዓረፍተ ነገሯን አውጧት። የዋሻው ነገር ለእያንዳንዱ ተመዝጋቢ ከመክፈሉ በፊት ይነገረው። መንገዱን የሚያሳያችሁ ሰው ከጠፋ አንኮበር ዘመዶች አሉኝ፣ እኔው አገናኛችኋለሁ። ይህን ከልቤ ነው የምለው። ያ መንገድ ተከፍቶ ልጆች ሲነዱበት ማየት ከብሩ በላይ ያስደስተኛል።

እስከ የካቲት 20 በጽሑፍ መልስ ካልደረሰኝ ጉዳዩን ለሸማቾች ጥበቃ አቀርባለሁ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ወረቀታችሁን፣ የስልክ መልእክታችሁንና አብረውን የተጓዙ የሁለት ሰዎችን ምስክርነት ይዣለሁ።

አንድ ነገር ቀርቷል። ዋሻው ውስጥ ልጄ ፍሬኑን ለመያዝ የቀኝ እጇን ጓንት አውልቃ ነበር። በኋላ ሚኒባሳችሁ ውስጥ፣ ከኋለኛው ወንበር ሥር ረስታዋለች። ቡናማ ነው። እናቴ የመንዝ በግ ጸጉር ፈትላ የሠራችላት ነው። ሁለት ጊዜ ጠይቄ "እንፈልጋለን" ተብያለሁ። እባካችሁ ፈልጋችሁ መልሱልኝ።

ከአክብሮት ጋር
የጥር 4 ተጓዥ፣ ደብረ ብርሃን