ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ፦ ደም የሚወስዱ ልጆቻችን ቁመትና አጥንትም ይታይ

ለአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ጤና ቢሮ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ የታላሴሚያ ታማሚ ልጆች እድገትና የአጥንት ጤና በመደበኛው ክትትል እንዲካተት ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከወሎ፣ ደሴ ከተማ፣ ታላሴሚያ ያለባት የ14 ዓመት ልጅ አባት ሆኜ ነው። በሽታው ከወላጆች በዘር የሚተላለፍ፣ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚያጓጉዘው የሄሞግሎቢን ጉድለት ሲሆን፣ ጽኑ ዓይነቱ የያዛቸው ልጆች በየ2 እስከ 5 ሳምንቱ ደም መውሰድ አለባቸው። ቢሮው ወባን፣ የምግብ እጥረትንና የእናቶችን ሞት የመሳሰለ ከባድ ሸክም እንዳለበት አውቃለሁ፤ የምጠይቀውም አብዛኛው ብዙ ገንዘብ የማይፈልግ ነገር ነው።

ደሙን የሚለግሰው ሕዝብም ሆነ ሌሊት ሳይቀር የሚሰጡን ነርሶች ባለውለታዎቻችን ናቸው። ነገር ግን የልጄ ካርድ ላይ የሄሞግሎቢን መጠንና የተሰጣት ደም በጥንቃቄ ሲመዘገብ፣ ለቁመት የተተወው ቦታ ከገጽ ገጽ ባዶ ነው። ታናሽ እኅቷ በቁመት ካለፈቻት ቆይታለች። ዩኒፎርም ልናሰፋ ስንሄድ ልብስ ሰፊው ታላቋ የትኛዋ እንደሆነች ይጠይቃል፤ እሷም ቀና ሳትል «እኔ ነኝ» ትላለች።

ይህ በምግብ ጉድለት ብቻ የመጣ አይደለም። ጤነኛ ሰው ከምግብ በቀን የሚወስደው ብረት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ አንድ ከረጢት ደም ግን ከ200 እስከ 250 ሚሊ ግራም ይዞ ይገባል፤ ሰውነትም ትርፉን የሚያስወግድበት መንገድ የለውም። የተከማቸው ብረት ልብንና ጉበትን ከመጉዳቱ ሌላ እድገትንና ጉርምስናን በሚያዙት ዕጢዎች ላይ ስለሚያርፍ ልጁ ያጥራል፣ ጉርምስናው ይዘገያል፣ አጥንቱም የሚጠነክርበት ዕድሜ ያመልጠዋል። በሌላ በኩል መቅኔው የጎደለውን ደም ለመተካት ሲታገል እየሰፋ አጥንቱን ከውስጥ ያሳሳዋል፤ የቫይታሚን ዲና የዚንክ እጥረት ሲጨመርበት ደግሞ ገና በወጣትነት የጀርባ ሕመምና ስብራት ይከተላል።

ክብደትም ብቻውን ያታልላል። ጣፊያውና ጉበቱ ያበጠ ልጅ ሚዛን ላይ ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ክንዱ ሲነካ ግን ጡንቻ የለውም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን የክንድ ዙሪያ መለኪያውን ክር ከማንም በላይ ያውቁታል።

ስለዚህ ደም በሚሰጥበት ክፍል ሁሉ ቁመት፣ ክብደትና የክንድ ዙሪያ በየጊዜው ተለክቶ በእድገት ሰንጠረዥ ላይ እንዲሰፍር፣ የጉርምስና ምልክት ሴቶች እስከ 13፣ ወንዶች እስከ 14 ዓመታቸው ካላሳዩ ወደ ሐኪም እንዲተላለፉ መመሪያ እንድታወርዱልን እጠይቃለሁ። ዕድሜያቸው 10 ዓመት ገደማ ሲደርስም የአጥንት ጥንካሬ ወደሚለካው ዴክሳ ምርመራ ሪፈር ይጻፍላቸው፤ ውጤቱ ሲነበብ ግን የልጁ ማጠር ይታሰብ፤ አለዚያ አጥንቱ ከሆነው በላይ የሳሳ መስሎ ይታያል። ብረት የሚያስወጡት መድኃኒቶች ሳይቋረጡ መገኘታቸው የሁሉም መሠረት ነው፤ ከእነዚህ አንዱ የሆነው ዴፌሮክሳሚን ከመጠን ካለፈ ራሱ እድገትንና አጥንትን ስለሚጎዳ መጠኑ የሚወሰነው ፌሪቲን (በሰውነት የተከማቸውን ብረት የሚያሳይ የደም ምርመራ) እየተለካ መሆን አለበት።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጄ በሽታዋ ከመታወቁ በፊት ለረጅም ጊዜ በደም ማነስ ስም የብረት ሽሮፕ ስትወስድ ኖራለች። ጎረቤትም ከደግነቱ የተነሣ ቀይ ሥርና ጉበት አብሉ ይለን ነበር። በብረት ሕክምና የማይሻሻል፣ ቀይ የደም ሕዋሶቹም ከልክ በላይ ትናንሽ የሆኑ ልጅ ሲገኝ ሽሮፑ ከመደገሙ በፊት ፌሪቲንና የሄሞግሎቢንን ዓይነት የሚለየው የኤሌክትሮፎረሲስ ምርመራ እንዲታዘዝ፣ ናሙናውም ምርመራው ወደሚሠራበት ላቦራቶሪ የሚላክበት አሠራር እንዲዘረጋ እንለምናለን።

ልጄ አጥንቷን የምታጠነክርበት ዕድሜ ጥቂት ነው የቀረው። ቢሮው ከእነዚህ ጥያቄዎች የትኛውን በዚህ በጀት ዓመት ሊጀምር እንደሚችል በጽሑፍ እንዲያሳውቀን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የታላሴሚያ ታማሚ ልጅ አባት
ደሴ፣ ወሎ