«ወተቱ አልወረደም» ከማለታችን በፊት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

አራስ ልጇን ዘግይታ ስታጠባ ወቀሳው ወዲያው ወደ እሷ ይዞራል፤ «አላወቀችበትም»፣ «ወተቷ አልወረደም» ይባላል። በሰሜን ሸዋ ማዋለጃ ክፍሎች ለምንሠራ ሰዎች ግን መዘግየቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ልጁን ከደረቷ በሚያነሳው እጅ ነው። የእኛም እጅ አለበት።

የዓለም ጤና ድርጅትም ሆነ የአገራችን መመሪያ ሕፃኑ በተወለደ በ1 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ጡት ይያዝ ይላል። ያቺ ሰዓት በምን እንደምታልቅ እንይ። ሕፃኑ ይመዘናል፣ የዓይን ቅባት ይቀባል፣ ቫይታሚን ኬ ይወጋል፣ ይጠቀለልና ለአያት ይሰጣል። እናቱ የሚሰፋ ነገር ካላት ደግሞ ስፌቱ እስኪያልቅ ይጠበቃል። ደህና ሆኖ ለተወለደ ልጅ ሚዛኑም መርፌውም ከሰዓቷ በኋላ ቢደርስ ጉዳት የለውም። ወዲያው የሚያስፈልገው በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ፣ እርጥቡን ጨርቅ መጣል፣ ራቁቱን በእናቱ ደረት ላይ በሆዱ ማስተኛት፣ ኮፍያ አድርጎ ሁለቱንም በደረቅ ጋቢ መሸፈን ነው። ስፌቱም ልጁ እዚያው እያለ ይሠራል። ከዚያ መታገሥ ነው፤ እጁን ይልሳል፣ አፉን ይከፍታል፣ ጡቱን ራሱ ይፈልጋል። ጭንቅላቱን ይዞ ጡት ላይ መድፈቅ ያስለቅሰዋል እንጂ አያጠባውም።

በደብረ ብርሃንና በመሐል ሜዳ ቁር ይህ ነገር ይበልጥ ይከብዳል። የበረደው ሕፃን ይፈዝዛል፣ የፈዘዘ አይጠባም፣ ያልጠባ መልሶ ይበርደዋል። ገላውን ማጠብም ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆይ። የመንዝ በግ አርቢ እኮ ግልገል እንደተወለደች ጡት ካልያዘች ቁሩ እንደሚወስዳት መካሪ አያሻውም። የገዛ ልጁ እንገር «ቢጫ ነው፣ ሆድ ያሳምማል» ተብሎ መሬት ላይ ሲታለብ ግን ዝም የሚል አለ።

እንገር ጥቂት ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ሕፃኑ በአንድ ጊዜ የሚያገኘው ከ2 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። የሻይ ማንኪያ 5 ይይዛል። የጨቅላ ሆድም ገና ትንሽ ስለሆነ ይበቃዋል፤ ከበሽታ ይጠብቀዋል፣ ጥቁሩን ሰገራም ያስወጣለታል። ጡት የሚሞላው አብዛኛውን ጊዜ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ነው። በዚህ መሃል «ወተቱ አልወረደም» ተብሎ ቅቤ፣ የስኳር ውኃ ወይም የአብሽ ውኃ ሲሰጠው ጠግቦ ይተኛል። ያልተጠባ ጡት ደግሞ ወተት አይሞላም፤ ያኔ የተባለው እውነት ይሆናል።

ብዙ የምትዘገየው በኦፕራሲዮን የወለደችው ናት። ከወገብ በታች ከደነዘዘች ነቅታ ስለምትቆይ ሕፃኑን እዚያው ደረቷ ላይ ማድረግ ይቻላል፤ የሚጎድለው ልጁን ደግፎ የሚይዝ አንድ ሰው ነው። ሙሉ ማደንዘዣ የወሰደችው ነቅታ መልስ መስጠት ስትጀምር ታጠባለች። አልጋዋ ላይ ስትሆን ጀርባዋን በትራስ ደግፎ በጎኗ ማስተኛት ይሻላል፤ ልጁ ቁስሉን አይነካም።

ልጁ ታሞ ለብቻው ከተኛ እንገሩ ይታለብለት። እጅን ታጥቦ አውራ ጣትንና ሌባ ጣትን ከጡቱ ጫፍ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ራቅ አድርጎ መያዝ፣ መጀመሪያ ወደ ደረት ገፋ፣ ቀጥሎ ጫን፣ ከዚያ ለቀቅ ማድረግ። ጫፉን መጎተት ያቆስላል እንጂ ወተት አያወጣም። ጠብታውን በንጹሕ ሲኒ መቀበል፣ በየ2 ወይም 3 ሰዓቱ መድገም፤ ሌሊትም ጭምር። ጡጦ አያስፈልግም።

በእርግጥ ወተት ከአካል ችግር የተነሳ የሚዘገይበት ጊዜ አለ። የእንግዴ ልጅ ቁራጭ ማህፀን ውስጥ ሲቀር፣ ብዙ ደም ሲፈስ፣ የስኳር በሽታ ሲኖር ይሆናል። ደጋግማ እያጠባች 3 ቀን አልፎ ጡቷ ካልሞላ ወደ ጤና ተቋም ትመለስና ትመርመር።

የሆስፒታል ኃላፊዎች በቀዶ ጥገና ክፍል ልጁን የሚይዝ አንድ አዋላጅ ይመድቡ። ገንፎ ይዘው የሚመጡ ዘመዶች ደግሞ ቅቤውን ሁሉ ለእናቲቱ ገንፎ ያድርጉት፤ ለልጁ ብለው አያስቀሩ።

አዋላጅ ነርሶች፣ ከሰሜን ሸዋ