ለማዕበል በተሸጠ ካሜራ ላይ ዋስትና መከልከሉን የሚመለከት ቅሬታ

ለአክሽን ካሜራው አምራች ኩባንያ
የደንበኞች አገልግሎትና የዋስትና ክፍል

ጉዳዩ፦ የዋስትና ጥያቄዬ ውድቅ የተደረገበት ውሳኔ እንደገና እንዲታይልኝ ስለመጠየቅ

ከኩባንያችሁ የገዛሁት አክሽን ካሜራ (በስፖርት እንቅስቃሴ ላይ ለመቅረጽ የሚያገለግል ትንሽ ካሜራ) ለሰርፊንግ፣ ማለትም በሰሌዳ ላይ ቆሞ በማዕበል ላይ ለሚንሸራተቱበት ስፖርት፣ ቀረጻ በምጠቀምበት ወቅት ውሃ ገብቶበት ከአገልግሎት ውጭ በመሆኑ፣ የዋስትናው ጊዜ ሳያልፍ እንዲጠገንልኝ ወይም እንዲተካልኝ በጽሑፍ ጠይቄ ነበር። ክፍላችሁ የሰጠኝ መልስ በካሜራው ውስጥ ፈሳሽ መገኘቱን፣ የማዕበል ምትም ካሜራው እንዲቋቋም ከተሠራለት መጠን በላይ መሆኑን በመግለጽ ጉዳቱ በዋስትና እንደማይሸፈን የሚያሳውቅ ነው። ውሳኔው በምርመራም ሆነ በአመክንዮ የተደገፈ ሆኖ ስላላገኘሁት፣ ምክንያቶቼን ከዚህ በታች በዝርዝር አቅርቤ ጉዳዩ በበላይ ኃላፊ እንዲታይልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ሥራዬ ጀማሪዎችን ሰርፊንግ ማስተማር ነው። አንድ ተማሪ ከሆዱ ላይ ተነሥቶ በሰሌዳው ላይ ለመቆም ያለው ጊዜ ከሁለት ሰከንድ እምብዛም አይበልጥም፤ በዚያች ቅጽበት ዓይኑ ወዴት እንዳየ፣ የኋላ እግሩ የት እንዳረፈ፣ ጉልበቱ ታጥፎ እንደነበር ወይም እንዳልነበር ራሱ ተማሪው አያስታውሰውም። እኔ ከባሕሩ ዳር ቆሜ ደጋግሜ ብነግረውም ያላየውን ነገር ለማመን ይቸገራል። በሰሌዳው አፍንጫ ላይ የተገጠመው ካሜራ የቀረጸውን፣ ፍጥነቱ ተቀንሶ ሲመለከት ግን «ለካ እግሬን ነው የማየው» ይልና በሚቀጥለው ሞገድ ቀና ማለት ይጀምራል። ስለዚህ ይህ ካሜራ ለእኔ የዘወትር የማስተማሪያ መሣሪያ ነው፤ ሥራ ሲያቆም ትምህርቱም ይጓደላል።

የገዛሁትም ኩባንያችሁ ራሱ ለዚሁ አገልግሎት ስላቀረበው ነው። በማሸጊያው ሳጥን ላይ ያለው ፎቶግራፍ በሚጠቀለል ማዕበል ውስጥ የሚያልፍ ሰርፈር ሲሆን፣ ካሜራው ያለ ምንም ተጨማሪ የውሃ መከላከያ ሽፋን በሰሌዳው ላይ ተገጥሞ ይታያል። ከፎቶግራፉ ሥር እስከ 10 ሜትር ጥልቀት ውሃ እንደማያስገባ በጉልህ ተጽፏል። እንዲህ ዓይነቱ ካሜራ ከመነሻውም ከሰርፊንግ ጋር የተወለደ መሆኑን በዘርፉ ያለ ሁሉ ያውቃል፤ የሌላው አምራች የጎፕሮ መሥራች ኒክ ዉድማን እ.ኤ.አ. በ2002 ኩባንያውን ያቋቋመው ሰርፈሮች በማዕበሉ ላይ እንዳሉ ራሳቸውን መቅረጽ እንዲችሉ አስቦ ሲሆን፣ በ2004 ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው ካሜራም በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የሚሠራና በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር ነበር። ከዚያ ጊዜ ወዲህ ማዕበል ለአክሽን ካሜራ አምራቾች እንግዳ ነገር ነው ሊባል አይችልም።

አሁን ወደ ደረሰው ጉዳት ልመለስ። ካሜራው የተበላሸበት ዕለት ሞገዱ ከወገብ የማይበልጥ፣ ለጀማሪዎች የሚመረጥ ዓይነት ነበር። እንደ ወትሮው ወደ ውሃው ከመግባታችን በፊት የባትሪውን ክዳን ጎማ በንጹሕ ጨርቅ ጠርጌ፣ አሸዋና ፀጉር አለመኖሩን አይቼ፣ መቆለፊያው ድምፅ እስኪያሰማ ድረስ ዘግቼዋለሁ። ካሜራው ከተማሪው ሰሌዳ ጋር በማሰሪያ ገመድ ተያይዞ ነበርና አልጠፋም፤ ነገር ግን ተማሪው ወደ ዳር ሲመለስ መቅረጹን አቁሞ፣ የኋላ ስክሪኑ ከውስጥ በኩል ጉም ለብሶ አገኘሁት። በጨው አልባ ውሃ አለቅልቄ፣ ከላይ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቄ ነው ክዳኑን የከፈትኩት።

በከፈትኩ ጊዜ ያየሁትን ለክፍላችሁ በፎቶግራፍ አስደግፌ ልኬ ነበር፤ መልሱ ላይ ግን አንድም ቃል ስላልተነሣበት እዚህ እደግመዋለሁ። የክዳኑ ጎማ ከላይ ሲታይ ሙሉ ይመስላል፤ በጥፍር ሲነካ ግን በማጠፊያው በኩል ያለው ማእዘኑ ከተጣበቀበት ፕላስቲክ ተላቆ ይነሣል። ከተላቀቀው ክፍል ሥር ያለው ማጣበቂያ ደርቆ ወደ ቢጫነት ተለውጧል፤ የቀሩት ሦስት ማእዘኖች እንደተጣበቁ ናቸው። ልክ ከዚያ ማእዘን የሚነሣ ቀጭን ነጭ የጨው መስመር በባትሪው ጎን ወርዶ ባትሪው ኃይል ወደሚያስተላልፍባቸው የብረት ነጥቦች ይደርሳል፤ ከነጥቦቹም ለማእዘኑ የቀረበው በአረንጓዴ ዝገት ተሸፍኗል፣ የራቀው ግን ንጹሕ ነው። ውሃው በየት በኩል እንደገባ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምልክት ሊኖር ይችላል ብዬ አላምንም። ጎማው የተበጣጠሰ ወይም የተቆረጠ ሳይሆን ከሙጫው የለቀቀ በመሆኑ፣ ጉድለቱ ከአያያዝ ሳይሆን ከአሠራር የመጣ ነው።

ክፍላችሁ ግን የመረመረው በካሜራው ውስጥ ያለችውን የእርጥበት ጠቋሚ ወረቀት ብቻ ነው። ጠቋሚዋ ቀለሟን ቀይራለች፤ ይህን እኔም አልተከራከርኩም። የጠቋሚዋ ቀለም መለወጥ ውሃ መግባቱን ይናገራል እንጂ ለምን እንደገባ አይናገርም። ውሃ እንዳያስገባ ተብሎ የተሸጠ ዕቃ ውሃ ሲያስገባ፣ ውሃው መገኘቱ ራሱ ዋስትናውን የሚያስቀር ከሆነ፣ በዚህ ረገድ ዋስትናው የሚያገለግልበት ሁኔታ ጨርሶ አይኖርም ማለት ነው።

የማዕበል ምት ከካሜራው አቅም በላይ ነው የሚለውን ምክንያት በቁጥር እንመልከተው። በባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ ጥልቀት ግፊቱ በ1 ከባቢ አየር፣ ማለትም በ100 ኪሎ ፓስካል ገደማ ይጨምራል። እስከ 10 ሜትር ይችላል የተባለ ካሜራ ይህን ያህል ተጨማሪ ግፊት መቋቋም አለበት። የሚንቀሳቀስ ውሃ ዕቃ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ደግሞ ከውሃው እፍጋትና ከፍጥነቱ የሚሰላ ነው፤ የባሕር ውሃ በሰከንድ 10 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ካሜራውን ፊት ለፊት ቢመታው የሚያሳርፈው 51 ኪሎ ፓስካል ገደማ ሲሆን፣ ይህም 5 ሜትር ጥልቀት ላይ ካለው የረጋ ውሃ ግፊት ጋር የሚመጣጠን ነው። በወገብ ልክ ሞገድ ላይ የሚንሸራተት ጀማሪ ወደዚህ ፍጥነት አይጠጋም፤ ቢጠጋ እንኳን ኩባንያችሁ ቃል ከገባው መጠን ግማሹ ብቻ ነው።

የሚሰበር ማዕበል ጠፍጣፋ ገጽ ላይ በቀጥታ ሲያርፍ፣ እጅግ ለአጭር ቅጽበት ከዚህ ስሌት የበለጠ ምት ሊፈጥር እንደሚችል አውቃለሁ። ባለሙያዎቻችሁ በዚያ ዕለት የተፈጠረው ይኸው ነው የሚሉ ከሆነ ግን ጥያቄው ወደ ኩባንያው ይመለሳል። ካሜራው ይህን ምት እንደማይችል እያወቃችሁ በሳጥኑ ላይ በሚጠቀለል ማዕበል ውስጥ ያለ ሰርፈር ለምን አሳያችሁ? ወይስ ምቱን ይችል እንደሆነ ሳይፈተን ነው ለሰርፈሮች የቀረበው? በማዕበል እያስተዋወቁ ሸጦ፣ ማዕበልን ምክንያት አድርጎ ዋስትና መከልከል በየትኛውም መንገድ ፍትሐዊ ሊሆን አይችልም።

በመመሪያው ላይ የሰፈረው የውሃ መከላከያ ደረጃ አይፒኤክስ8 የሚል ነው። ይህ ደረጃ የተወሰደበት አይኢሲ 60529 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ዕቃውን ውሃ ውስጥ አጥልቆ መፈተንን የሚመለከት ሲሆን፣ የፈተናውን ጥልቀትና ቆይታም አምራቹ ራሱ ይወስናል። በኃይል ለሚረጭ ውሃ የተለየ ፈተና አለ፤ ለምሳሌ አይፒኤክስ6 ለመባል ቀዳዳው 12.5 ሚሊ ሜትር በሆነ የውሃ መርጫ በደቂቃ 100 ሊትር ውሃ ከየአቅጣጫው ይረጭበታል። በመስፈርቱ መሠረት መጥለቅን ያለፈ ዕቃ የሚረጭ ውሃንም ይችላል ተብሎ አይወሰድም፤ ሁለቱንም ካላለፈና ሁለቱም ምልክቶች ካልተጻፉበት በስተቀር። በእናንተ ካሜራ ላይ የተጻፈው አንዱ ብቻ ነው። ፈተናውም የሚደረገው በጨው አልባ ውሃ ነው፤ በአማካይ በአንድ ሊትር ውስጥ 35 ግራም ገደማ ጨው በሚይዘው የባሕር ውሃ አይደለም። ይህን ሁሉ ገዢው ከሳጥኑ ሊያውቅ አይችልም። ገዢው የሚያየው ሰርፈሩንና 10 የሚለውን ቁጥር ነው፤ ሁለቱን አገናኝቶ የሚረዳውም እናንተ እንዲረዳ የፈለጋችሁትን ነው።

ሙቀትንም ማንሣት ያስፈልጋል። ከፍ ባለ ጥራት የሚቀርጽ ካሜራ በሥራ ላይ ሳለ ይግላል፤ ሰሌዳው ዳር ላይ ሆኖ ተራ ሲጠብቅ ፀሐይም ይጨመርበታል። ከ45 ዲግሪ ሴልሺየስ ድንገት 20 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ የታሸገው አየር ግፊት 8 በመቶ ያህል ይቀንሳል፣ የላላ ማእዘን ካለም ውሃውን ወደ ውስጥ ይስበዋል። በመስፈርቱ ፈተና ውሃውና ዕቃው ከ5 ዲግሪ በላይ የሙቀት ልዩነት እንዳይኖራቸው ይደረጋል። ሰርፊንግም ሆነ ካያክ፣ ዊንድሰርፊንግም ሆነ ዌክቦርድ፣ ካሜራው ውሃ ውስጥ ሲገባ ሲወጣ የሚውልባቸው ስፖርቶች ናቸውና፣ ይህን ልዩነት የማያገናዝብ የውሃ መከላከያ ለእነዚህ ስፖርቶች ተሠርቷል ሊባል አይገባም።

ለጎማው መላቀቅ መፍትሔ ፍለጋ ክዳኑን ብቻ በመለዋወጫነት መግዛት እችል እንደሆነ ጠይቄ ለብቻው እንደማይሸጥ ተነግሮኛል። የካሜራው የውሃ መከላከያ በሙሉ የተመካው በዚህች ክዳን ላይ ሆኖ ሳለ፣ ባትሪ በተቀየረ ቁጥር የምትከፈትና የምትዘጋ፣ ጎማዋም በጊዜ ብዛት ማርጀቱ የማይቀር ዕቃ እንዴት መለዋወጫ አይኖራትም? በዚህ ፈንታ የቀረበልኝ አዲስ ካሜራ በቅናሽ እንድገዛ ነው። ሐሳቡን አልተቀበልኩትም፤ ያው ክዳን፣ ያው ማጣበቂያ ያለበትን ካሜራ እንደገና ገዝቼ ያንኑ ጉዳት ልጠብቅ የምችልበት ምክንያት የለም።

ከሁሉም በላይ ያሳዘነኝ ግን የሚሞሪ ካርዱ ጉዳይ ነው። ካሜራውን ለምርመራ በላክሁ ጊዜ፣ መክተቻው በጨው ስለተያዘ ካርዱ ሊወጣ እንዳልቻለ ገልጬ፣ ባለሙያዎቻችሁ አውጥተው እንዲመልሱልኝ በጽሑፍ ጠይቄያለሁ። በካርዱ ላይ አንዲት ተማሪዬ ብዙ ከወደቀች በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆማ እስከ ዳር የደረሰችበት ቀረጻ አለ። ካሜራው ቢተካ ይህ ቀረጻ አይተካም። ካርዱ በእናንተ እጅ ይኑር አይኑር እስከ አሁን የነገረኝ የለም።

በመሆኑም የዋስትና ውሳኔው ተሽሮ ካሜራው በጉድለት አልባ ካሜራ እንዲተካልኝ ወይም የከፈልኩት ገንዘብ እንዲመለስልኝ፣ የሚሞሪ ካርዱም ሳይቀረጽበትና ሳይጠፋ በአስቸኳይ እንዲላክልኝ እጠይቃለሁ። ውሳኔው የሚጸና ከሆነ ክዳኑንና ጎማውን የመረመረው ባለሙያ ያገኘውን ውጤት በጽሑፍ እንድትሰጡኝ እፈልጋለሁ፤ የእርጥበት ጠቋሚዋን ፎቶግራፍ ዳግመኛ መላክ መልስ አይሆንም። የውሃ መከላከያው ለረጋ ውሃ ብቻ የተፈተነ ከሆነም ይህ በሳጥኑ ላይ፣ ከሰርፈሩ ፎቶግራፍ አጠገብ፣ በሚነበብ ጽሑፍ ሊገለጽና ክዳኑም በመለዋወጫነት ለገበያ ሊቀርብ ይገባል። ይህን የምለው ስለ ራሴ ካሜራ ብቻ ብዬ አይደለም፤ ተማሪዎቼ የትኛውን ካሜራ እንግዛ ብለው ሲጠይቁኝ ምርታችሁን ስመክር ቆይቻለሁ፣ ከመካከላቸው የገዙም አሉ፣ የእነርሱም ክዳን ከዚሁ ዓይነት ነው።

የግዢ ደረሰኙን፣ የካሜራውን ሴሪያል ቁጥር፣ የክዳኑንና የባትሪ ቦታውን ፎቶግራፎች እንዲሁም እስከ አሁን የተጻጻፍናቸውን ኢሜይሎች ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ልኬያለሁ። መልሳችሁ በጽሑፍ እንዲደርሰኝ እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ