የከተማችንን ወግ መቅዳት እሑድ እንጀምራለን

ሰላም ለሁላችሁም፣ የተከበራችሁ አባላት፤

የደብረ ብርሃንን የቀድሞ ኑሮ ከአባቶቻችንና ከእናቶቻችን አንደበት መቅዳት የምንጀምረው በመጪው እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። የምንገናኘው ጠባሴ፣ በተለመደው ቦታችን ነው።

ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከሰማይ ብርሃን ታይቶ ከተማዋን እንደቆረቆሩ ሁላችንም እየሰማን አድገናል፤ በዜና መዋዕል ስለተጻፈ አይጠፋም። ብርድ ልብስ ፋብሪካው ሲከፈት ከየሰፈሩ እነማን እንደተቀጠሩ፣ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛው በዚያ ውርጭ እንዴት ይመላለስ እንደነበር፣ የመንዝ በርኖስና ባና የሚሸጡት ገበያው ውስጥ የት ይቀመጡ እንደነበር ግን የምናገኘው ከሽማግሌዎቻችን አፍ ነው። እነሱም እያለፉብን ነው።

አደራ፣ ሁለት ሰዎች አንዱን ነገር ለየቅል ቢያወሩ አታርሙ፤ ሁለቱንም ቅዱ። በበሬሳ ወንዝ ልብስ ታጥብ የነበረች እናት የምታስታውሰው ከተማ የጭነት መኪና ሹፌሩ ከሚያስታውሰው ጋር ላይገጥም ይችላል። ለእኔ ትልቁ ሀብት ይኸው ነው።

ቻርጅ የተደረገ ስልክና ደብተር ያዙ። ከመቅዳታችሁ በፊት ባለታሪኩን አስፈቅዱ። የቆዩ ፎቶዎችን እዚያው አንስታችሁ ለባለቤቶቹ መልሱ፣ ይዛችሁ አትምጡ።

እሑድ የምንወስነው ከየትኛው ሰፈር እንደምንጀምር ነው። የእኔ ሐሳብ ከገበያው አካባቢ ነው፤ የቆዩት ነጋዴዎች በጣም አርጅተዋል።

መምጣት አለመምጣታችሁን፣ ማንን ለማነጋገር እንዳሰባችሁም ጭምር፣ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ አሳውቁን። የሽማግሌዎቹን ስልክ ቁጥር ግን ለእኔ በውስጥ ላኩልኝ።