ካርትሪጁን ከማሰርሽ በፊት፤ ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ በጅማ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ቴክኒክስ ኤስኤል 1200 የሸክላ ማጫወቻችን አዲስ አበባ በደህና መግባቱንና መርፌዋን የሚይዘውን አዲስ ካርትሪጅ መግዛትሽን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ሆኖም ካርትሪጁን በዓይን ግምት አስረሽ ሸክላ እንዳታጫውቺበት አደራ እልሻለሁ፤ ማስተካከያ መሣሪያዎቹን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ።

ሸክላ ሲቀረጽ መቁረጫው ከዳር ወደ መሃል በቀጥታ ይጓዛል፤ የማጫወቻው ክንድ ግን አንድ ቦታ ተተክሎ ስለሚዞር መርፌዋ የምትሄደው በቅስት ነው። ስለዚህ ካርትሪጁ ከድምፁ ቦይ ጋር በትክክል የሚገጥመው በሁለት ነጥቦች ላይ ብቻ ሲሆን፣ በቀረው ሁሉ ጥቂት ያዘነብላል። ሎፍግሬን እና ቤርዋልድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1938 እና በ1941 በየተራ በሠሩት ስሌት መሠረት በዛሬው መለኪያ ነጥቦቹ ከመሃል 66 እና 120.9 ሚሊ ሜትር ላይ ይውላሉ፤ ሌላው ተመራማሪ ስቲቨንሰን በ1966 ያቀረበው ስሌት ደግሞ የውስጠኛውን ነጥብ ወደ 60.3 ያስጠጋዋል።

ለትልልቆቹ ሸክላዎች የቤርዋልድ ስሌት ይሻላል። የእኛ ስብስብ ግን አብዛኛው አምሃ ሪከርድስና ካይፋ ያሳተሟቸው ባለ 45 ዙር ትንንሽ ሸክላዎች ናቸው፤ የእነርሱ ቦይ ከመሃል 84 ሚሊ ሜትር ገደማ ላይ ጀምሮ ወደ 54 ሊጠጋ ይችላል። ወደ መሃል በተጠጋ ቁጥር ቦዩ በመርፌዋ ሥር የሚያልፍበት ፍጥነት ስለሚቀንስ፣ ያው ትንሽ መዛነፍ እዚያ ድምፁን ይበልጥ ያሻክረዋል፤ ዘፋኙ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚዘጋበት ቦታም ብዙ ጊዜ እዚያው ነው። የስቲቨንሰንን የመረጥኩልሽ በዚህ ምክንያት ነው።

ፕሮትራክተሩን፣ ማለትም ሁለቱ ነጥቦችና መስመሮቻቸው የተሳሉበትን መለኪያ፣ እዚሁ ጅማ ፎቶ ኮፒ ቤት በግልጽ ፕላስቲክ ላይ አሳትሜ ቀጭን የፊት መስታወት ላይ ለጥፌዋለሁ። ማተሚያው ሥዕሉን ከገጹ ጋር ለማስማማት ብሎ ሊያሳንሰው ስለሚችል ርቀቶቹን በብረት ማስመሪያ ለክቻለሁ፤ አንቺም ሌላ ካሳተምሽ ሳትለኪ አትጠቀሚበት። መስታወት ያደረግሁት፣ ካርትሪጁና ምስሉ አንድ መስመር ላይ ሲውሉ በቀጥታ እያየሽ መሆኑን እንድታውቂ ነው፤ በወረቀት ላይ ግን ዓይንሽ ጥቂት ወደ ጎን ካለ ያልተስተካከለው የተስተካከለ ይመስልሻል።

ከማጫወቻው ጋር የመጣችው የፕላስቲክ መለኪያ፣ ከሄድሼሉ (ካርትሪጁ ከሚታሰርበት የክንዱ ጫፍ) መጋጠሚያ ላስቲክ እስከ መርፌዋ ጫፍ 52 ሚሊ ሜትር መሆኑን ብቻ ነው የምትነግርሽ። ለመነሻ ጥሩ ናት፤ የካርትሪጁን መዛነፍ ግን አታሳይም።

ሥራውን ስትጀምሪ ማጫወቻውን ከኤሌክትሪክ ንቀይ፤ የመርፌዋን ጫናም አምራቹ ባዘዘው መጠን አስቀምጪ። ብሎኖቹን ካርትሪጁ በጣት እንዲንቀሳቀስ ያህል ብቻ አላልተሽ፣ የመርፌዋን ጫፍ በውስጠኛው ነጥብ ላይ ቀስ ብለሽ አሳርፊና ካርትሪጁን ከመስመሮቹ ጋር አስተካክይ። የካርትሪጁ አካል ቀጥ ቢልም መርፌዋን የያዘችው ቀጭን ዘንግ ልትዛነፍ ስለምትችል፣ በማጉያ መነጽር የምትመለከቺው እርሷን ይሁን። ቀጥሎ ወደ ውጪኛው ነጥብ ውሰጃት፤ ጫፉ ከነጥቡ ወጥቶ ካረፈ ካርትሪጁን በሄድሼሉ ክፍተት ጥቂት ወደፊት ወይም ወደኋላ ገፍተሽ ወደ ውስጠኛው ተመለሺ። አንዱን ስታርሚ ሌላው ይናጋልና ሁለቱም እስኪስማሙ መመላለስ የግድ ነው፤ እዚህ ላይ አትቸኩይ።

ብሎኖቹን በየተራ በጥቂት በጥቂቱ አጥብቂ፤ አንዱን በአንድ ጊዜ ካጠበቅሽው ካርትሪጁን ይዞት ይዞራል። ካርትሪጁ ከቦታው ሲገፋ ጫናውም ስለሚለወጥ፣ በላክሁልሽ ትንሽ የዲጂታል ሚዛን እንደገና መዝኚውና ሁለቱን ነጥቦች ለመጨረሻ ጊዜ ተመልከቺ። የመጀመሪያውን ሸክላ ስታጫውቺ ጎኑ እስኪያልቅ ቁጭ ብለሽ ስሚው፤ መጨረሻው አካባቢ «ሰ» እና «ሸ» የሚሉት ድምፆች ከሻከሩ ያለውን ሁኔታ ጻፊልኝ።

አባትሽ፣ ከጅማ