«ፈተና ላይ አይመጣም» የሚባለው የአልጀብራ ማረጋገጫ

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ፈተና ከተቀመጡት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ መሆናቸው ከተገለጸ ወዲህ፣ ስለ ውጤት ማሽቆልቆል ብዙ ሲጻፍ ቆይቷል። አንዱ ኩረጃን፣ ሌላው የመጽሐፍ እጥረትን፣ እኛ ጎጃም ያለነው ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶችን ያዘጋውን የጸጥታ ችግር እናነሳለን። ሁሉም እውነት አለው። እኔ ግን የሂሳብ መምህር እንደመሆኔ መናገር የምፈልገው በሰላሙም ጊዜ ስለነበረ አንድ ጉድለት ነው፤ ይኸውም ተማሪዎቻችን በአልጀብራ ማስላትን እንጂ ማረጋገጥን፣ ማለትም አንድ አባባል ለሁሉም ቁጥር እውነት የሚሆንበትን ምክንያት ማሳየትን፣ ሳይማሩ የሁለተኛ ደረጃን መጨረሳቸው ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ብሔራዊው ፈተና የምርጫ ጥያቄ በመሆኑ መምህሩም ተማሪውም «አረጋግጥ» የሚለውን መልመጃ ዘለው ያልፉታል። «የሁለት ተከታታይ ጎዶሎ ቁጥሮች ካሬዎች ልዩነት ምን ጊዜም ለየትኛው ቁጥር ይካፈላል?» ተብሎ የተጠየቀ ተማሪ 3ን እና 5ን ወስዶ 16፣ 5ን እና 7ን ወስዶ 24 ካገኘ በኋላ ከቀረቡት ምርጫዎች 8ን ያጠቁራል፤ ነጥቡንም ያገኛል። ነገር ግን ለምን 8 እንደሆነ ቢጠየቅ መልስ የለውም። ሀን ማንኛውም ሙሉ ቁጥር አድርጎ ትንሹን ቁጥር 2ሀ − 1፣ ትልቁን 2ሀ + 1 ብሎ ቢጽፍ፣ ካሬዎቻቸው 4ሀ² − 4ሀ + 1 እና 4ሀ² + 4ሀ + 1 ስለሚሆኑ ልዩነታቸው 8ሀ መሆኑን በሁለት መስመር ያየው ነበር፤ ያን ጊዜ ስለ ሁለት ጥንዶች ብቻ ሳይሆን ስለ ማናቸውም ተከታታይ ጎዶሎ ቁጥሮች ተናገረ ማለት ነው።

«ብዙ ምሳሌ ከሞከርኩ አይበቃም ወይ?» ለሚለኝ ተማሪ በሂሳብ ሊቁ በኦይለር ስም የሚታወቀውን ስሌት አቀርብለታለሁ። አንድን ቁጥር በራሱ አባዝቶ፣ ያንኑ ቁጥር ደምሮ፣ 41 ይጨምርበት። ከ0 እስከ 39 ያሉትን ቢሞክር የሚያገኘው ውጤት ሁሉ ከ1 እና ከራሱ በቀር ለሌላ የማይካፈል ቁጥር ነው። በ40 ላይ ግን 1681 ይመጣል፤ ይህም 41 በ41 ተባዝቶ የሚገኝ ነው። አርባ ጊዜ የሠራ ነገር በአርባ አንደኛው ሲፈርስ ያየ ተማሪ ምሳሌን ማረጋገጫ ነው ለማለት ከዚያ በኋላ ይጠነቀቃል።

ማረጋገጫ ሲጻፍ የሚታየው ስሕተትም ቢሆን ብዙ የሚያስተምር ነው። የሁለት ጎዶሎ ቁጥሮች ድምር ለ2 የሚካፈል መሆኑን እንዲያረጋግጡ ሲጠየቁ ብዙዎቹ ሁለቱንም ቁጥሮች 2ሀ + 1 ይሏቸዋል። ድምሩ 4ሀ + 2 ሆኖ ለ2 ስለሚካፈል ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ያረጋገጡት አንድ ጎዶሎ ቁጥር ከራሱ ጋር ሲደመር የሚሆነውን ብቻ ነው። የ3 እና የ5 ድምር የሆነው 8 በዚህ መልክ ሊጻፍ አይችልም። ሁለተኛውን ቁጥር በሌላ ፊደል 2ለ + 1 ቢሉት ኖሮ ድምሩ 2(ሀ + ለ + 1) ሆኖ ጉዳዩ በትክክል ይዘጋ ነበር። ይህን ስሕተት የምርጫ ጥያቄ ፈጽሞ አያወጣውም፤ የሚታየው ተማሪው በእጁ ሲጽፍ ነው።

በሌላ በኩል ማረጋገጫን ሸምድዶ መምጣትም አለ፤ እሱም ከመዝለል ብዙም አይሻልም። እኛ ያደግነው የዋሸራና የጎንጅ የቅኔ ጉባኤ በሚወሳበት አገር ነው። በዚያ ጉባኤ ተማሪው የራሱን ቅኔ ቆጥሮ በመምህሩ ፊት ይነግራል፣ ይታረማል፤ የሌላውን ሰው ቅኔ በቃሉ ይዞ ቢያዜም ተቀኘ አይባልም። የማረጋገጫ ትምህርትም መሰጠት ያለበት በዚህ መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ፦ ተማሪው የራሱን መከራከሪያ ይሥራ፣ በክፍል ጓደኞቹ ፊት ቆሞ ያስረዳ፣ ይታረም። ትምህርቱ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፣ አሳቡን በመጀመሪያ በአማርኛ እንዲያስረዳ ቢፈቀድለት ደግሞ የቋንቋው ድካም ከአልጀብራው ድካም ይለይለታል።

«ስልሳና ሰባ ተማሪ ባለበት ክፍል ማን ያርመዋል?» የሚሉ ባልደረቦቼን ቅሬታ አላቃልለውም። ሆኖም በየወሰነ ትምህርቱ ፈተና ውስጥ ሦስት ወይም አራት መስመር የሚፈጅ አንድ የማረጋገጫ ጥያቄ ማካተት የሚቻል ነው። በእንግሊዝ አገር ተማሪዎች 16 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው የሚወስዱት የሂሳብ ፈተና በከፍተኛው ደረጃው እንዲህ ያለ ጥያቄ አለው፤ ነጥቡም ለመጨረሻው መስመር ብቻ ሳይሆን ለየእርምጃው ይሰጣል። እኛም ተለዋዋጮቹን (እንደ ሀ እና ለ ያሉትን ፊደላት) በትክክል ለሰየመ አንድ ነጥብ፣ ስሌቱን ላካሄደ አንድ፣ መደምደሚያውን በቃላት ለጻፈ አንድ ብንሰጥ እርማቱ የሚከብድ አይደለም።

ብሔራዊውን ፈተና የመቀየር ሥልጣን የለንም። የትምህርት ቤት ፈተናና በዞን ደረጃ የሚዘጋጀው ሞዴል ፈተና ግን በእጃችን ያሉ ናቸው። ስለዚህ የዞን ትምህርት መምሪያዎች ለፈተና አዘጋጆች በሚሰጡት መመሪያ ውስጥ በእያንዳንዱ የሂሳብ ፈተና ቢያንስ አንድ በጽሑፍ የሚመለስ የማረጋገጫ ጥያቄ እንዲኖር እንዲያዝዙ፣ ሥራውም ከ9ኛ ክፍል እንዲጀመር በጋዜጣዎ አማካይነት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የሂሳብ መምህር
ከደብረ ማርቆስ፣ ምሥራቅ ጎጃም