የፈረስ ስም፦ የባህልና ቱሪዝም ክበብ በ2012 ዓ.ም.

የክበባችን ሳምንታዊ ስብሰባ ረቡዕ ረቡዕ ሳይታጎል ቀጥሎ ነበር። የዓመቱ ትልቅ ሥራችን ግን ጥር 23 ቀን ወደ እንጅባራ ያደረግነው የደርሶ መልስ ጉዞ ስለሆነ እሱን ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ።

ዕለቱ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ዓመታዊ በዓል ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበር በዚያ ዓመት 80ኛ ዓመቱን ያከብር ነበር። በዓሉ በዓድዋ የተሰለፉ አርበኞችና ፈረሶቻቸው ይታሰቡበታል። ማኅበሩ ከበዓል ያለፈ ነው፤ አባል ሲሞት ፈረሰኛው ወጥቶ ይሸኛል፣ የተጣላ ያስታርቃል።

38 ተማሪዎች ይዘን ከባሕር ዳር ንጋት 11 ሰዓት ላይ ተነሣን። ዱርቤቴ ስንደርስ ጎማ ፈንድቶ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምን፤ በዚህም ምክንያት የመክፈቻው ሰልፍ አመለጠን። እስካሁን ይቆጨኛል።

ሜዳው ዳር ስንደርስ ግን ልጆቹ ድካማቸውን ረሱት። ዳማው፣ ቦራው፣ አምባላዩ፣ ጉራቻው ግላሱን ለብሶ፣ ልጓሙን እያላመጠ ተሰልፏል። አብዛኞቹ ተማሪዎቻችን ፈረስ የሚያውቁት ጋሪ ሲጎትት ነው። ጉግሱ ሲጀመር መሬቱ ከእግራችን ሥር ራደ። ሴት ፈረሰኞች ብቅ ሲሉማ የእኛ ልጃገረዶች እልልታውን አቀለጡት።

ከግልቢያ ወጥተው ፈረሳቸውን ወደሚያሳርፉ አንድ አዛውንት ጠጋ አልን። በባዶ እግራቸው ነበሩ፤ እርካባቸው አውራ ጣት ብቻ የምታስገባ ትንሽ የብረት ቀለበት ናት። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ፣ «አባባ፣ መውደቅ አያስፈራዎትም?» አለቻቸው።

«እሱ ካልጣለኝ አልወድቅም ልጄ» አሉ፣ የፈረሱን አንገት በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ። ከዚያም እጇን ይዘው ደረቱ ላይ አሳረፉላት። ልቡ ሲመታ ተሰማትና ዓይኗ እንባ አቀረረ።

በመልሱ መንገድ ወሬው ሁሉ ስለ ፈረስ ስም ሆነ። አባ ታጠቅ ቴዎድሮስ፣ አባ ዳኘው ምኒልክ፣ አባ ነጋ አሉላ መሆናቸውን ብዙዎቹ ያውቃሉ፤ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አባ ጠና መባላቸውን ግን የሰሙ ሦስት ብቻ ነበሩ። ያኔ እያንዳንዱ ተማሪ ለራሱ የፈረስ ስም እንዲያወጣና ምክንያቱን እንዲጽፍ ሐሳብ አቀረብኩ። አዲስ ቅዳም ሳንደርስ ወረቀት አለቀብን።

ጽሑፎቹንና ሥዕሎቹን ለዓድዋ በዓል አሳየናቸው። ወላጆችም መጥተው አዩ። ለሚያዝያ ያሰብነው የዘጌ ገዳማት ጉብኝት ግን መጋቢት ላይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ስለተዘጉ አልተሳካም። 38ቱ የፈረስ ስሞች እስከ ዛሬ ከክበባችን ክፍል ግድግዳ ላይ አልወረዱም። አዛውንቱን ያነጋገረችው ልጅ ለራሷ ያወጣችው ስም «አባ ልቡ» ይላል።